ሁለት ዙር በእጅ

«ዲስትሪቢውተሩን ማን ነው እስከ ጥግ ያዞረው?» አሉኝ አዛውንቱ መካኒክ፣ የኮሮላዬን ኮፈን ከፍተው ገና ግማሽ ደቂቃ ሳይቆዩ። ቁልፍ አላነሱም፤ ሞተሩንም አላስነሱም። እኔ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ መኪናው በሁለተኛ ማርሽ እንኳ እንዴት እንደሚያቃስት ላስረዳቸው ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ዲስትሪቢውተሩን ከቴስታታው ጋር በሚያስረው ብሎን ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ «ልጄ፣ ይሄን የሠራው ሰው ስህተቱን አላወጣም። ሸፈነው እንጂ» አሉ።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ጋራዥ ታይሚንግ ቺንጊያውን ቀይሮልኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ድምፁ ልስልስ፣ ዳገት ሲያይ ግን ወገቤን የሚል ሆነ። ተመልሼ ሄድኩ። የብልጭታውን ጊዜ የሚያሳየውን መብራት ደቅነው ልክ 10 ዲግሪ ላይ መሆኑን በዓይኔ አሳዩኝ። «ጤነኛ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ ሞተሩም አርጅቷል» ተባልኩ። ሁለቱም እውነት ነበር። ከተማችን 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ የጉልበቱን ሩብ ገደማ ያጣል። ይህን ሁሉም ሾፌር ያውቀዋል። ስለሚያውቀውም ከዚያ በላይ የጎደለውን ጉልበት ሳይጠይቅ ለከፍታው ይሰጠዋል። እኔም ሁለት ወር ሙሉ ሰጥቼዋለሁ።

የጎደለው አንድ ጥርስ ነበር። ቺንጊያው ላይ ካሉት ብዙ የጎማ ጥርሶች በአንዲቱ ተዛንፎ ነበር የተገጠመው። አንድ ጥርስ እንዲህ ያለ ጉዳት እንዴት እንደሚያደርስ ለመረዳት ወደ ሞተሩ ሆድ መግባት አለብን።

የቤንዚን ሞተር አየርና ነዳጅ ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ጭሱን ያስወጣል። እነዚህን አራት ሥራዎች ለመጨረስ ፒስተኑ ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ ከሥር ያለው ክራንክሻፍትም ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቫልቭ መከፈት ያለበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በሞተሩ ራስ፣ በቴስታታው ላይ ተኝቶ ቫልቮቹን የሚገፋው ካምሻፍት ከክራንኩ በግማሽ ፍጥነት መዞር አለበት። የካሙ ጥርሳም ፑሊ ከክራንኩ ፑሊ እጥፍ ጥርስ ያለው ለዚህ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይከፈትና ይዘጋል። ሁለቱን ዘንጎች አገናኝቶ ይህን ቀጠሮ የሚያስጠብቀው ከሁለት ጣት የማይሰፋው ያ ጥቁር ቺንጊያ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። የክራንኩ ፑሊ 20፣ የካሙ 40 ጥርስ ቢኖረው፣ አንድ ጥርስ በካሙ ላይ 9 ዲግሪ፣ በክራንኩ ላይ 18 ዲግሪ ነው። ካሙ በዚህን ያህል ከዘገየ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ ሳይዘጋ ፒስተኑ ሽቅብ ይጀምራል፤ ሲሊንደሩ የሳበውን አየር ከፊሉን መልሶ ወደ መጣበት ይተፋዋል። ሞተሩ በኃይል ሲጮህ የአየሩ ግስጋሴ ራሱ ጉድለቱን በከፊል ያካክሰዋል። ዳገት ላይ፣ ዙሩ ዝቅ ሲል ግን የሚያካክስ ነገር የለም። ግፊት ቢለካ አራቱም ሲሊንደሮች እኩል ዝቅ ብለው ይገኛሉ። ይህ እኩልነት ራሱ ምስክር ነው፦ የፒስተን ቀለበት ሲበላ ወይም ቫልቭ ሲቃጠል አንዱ ሲሊንደር ከሌላው ይለያል፤ አራቱም በአንድ ልክ ሲደክሙ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ታይሚንጉ ነው።

የዲስትሪቢውተሩ ነገርስ? የእኔ ሞተር 4ኤ-ኤፍኢ ይባላል፤ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተሠሩ ኮሮላዎች በብዙዎቹ ውስጥ አለ። በዚህ ሞተር ላይ ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር የሚዞረው በራሱ በካምሻፍቱ ነው። ካሙ አንድ ጥርስ ሲዘገይ ብልጭታውም አብሮት ይዘገያል። ጋራዡ መብራቱን ደቅኖ ብልጭታው መዘግየቱን አየ፤ ዲስትሪቢውተሩን እስከ ጥግ አዙሮ ወደ 10 ዲግሪ መለሰው። ብልጭታው ተስተካከለ፤ ቫልቮቹ ግን እንደዘገዩ ቀሩ። ቆሞ ሲሠራ ልስልስ፣ ሲወጣ ደካማ የሆነው ለዚህ ነው። ሙያውን የሚያውቅ ዓይን ዲስትሪቢውተር ከመካከሉ ርቆ ጥግ ላይ ታስሮ ሲያይ ከበስተጀርባው ሌላ ጥፋት እንዳለ ወዲያው ይገባዋል።

ጥርሳም ቺንጊያ መጀመሪያ የመኪና ነገር አልነበረም። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የተፈለሰፈው የልብስ ስፌት መኪና መርፌና ከሥሩ ያለው ክር እንዳይሳሳቱ ነበር፤ ተራ ቺንጊያ ይንሸራተታልና። ለሕዝብ በሚሸጥ መኪና ሞተር ላይ የገባው በ1962 (እ.ኤ.አ.) ነው። በጀርመን ባቫሪያ፣ ዲንጎልፊንግ ከተማ፣ ግላስ የሚባል አነስተኛ ፋብሪካ ግላስ 1004 በተባለው መኪናው ላይ ገጠመው፤ የሞተሩ ነዳፊ ሌኦንሃርድ ኢሺንገር ነበር። ግላስ ብዙ አልቆየም፤ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ቢኤምደብሊው ገዛው። ሐሳቡ ግን ተዛመተ። በዚያው ዓመት የፊያቱ መሐንዲስ ኦሬሊዮ ላምፕሬዲ ለባለ ሁለት ካም ሞተሩ ቺንጊያ መረጠ፤ ጃፓኖቹም ተከተሉ። ቺንጊያ የሚለውን ቃል ራሱን ከጣሊያን ነው ያገኘነው። ጋራዦቻችን ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ እያሉ በጣሊያንኛ ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ ቺንጊያም ከእነዚሁ አንዱ ነው።

ከቺንጊያ በፊት ሥራውን የሚሠሩት ሰንሰለትና ጥርሳም ማርሾች ነበሩ። አሁንም የሚሠሩባቸው ሞተሮች ብዙ ናቸው፤ ቪትዝ ሰንሰለት ነው፣ ሰማያዊና ነጭ ሆነው ያመላለሱን ላዳዎችም ከ2105 ሞተር በቀር ሰንሰለት ነበሩ። ቺንጊያ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ አይጮህም፣ ዘይት አይፈልግም። ዝምታው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሰንሰለት ሲላላ ይንጫጫል፣ በተለይ ጠዋት ሲነሳ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል። ቺንጊያ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ዝም ይላል። የዛሬው ቺንጊያ ሃይድሮጂን በተጨመረበት ናይትራይል ጎማ ይሠራል፤ በውስጡ የመስታወት ክር ገመድ ተዘርግቷል፣ ጥርሶቹም በናይለን ጨርቅ ተለብጠዋል። የሚያልቀው ያ የውስጥ ገመድ ነው፤ ገመዱን ደግሞ ከውጭ ማየት አይቻልም። ስለዚህ «ሳየው ደህና ነው» የሚለውን ፍርድ፣ ከማንም ይምጣ፣ አልቀበለውም።

ሲበጠስ የሚሆነው እንደ ሞተሩ ይለያያል። 4ኤ-ኤፍኢ ቢበጠስበት ድንገት ይጠፋል፤ ፒስተንና ቫልቭ ስለማይነካኩ መኪናውን ዳር ገፍቶ አዲስ ቺንጊያ ማስገባት ይበቃል። ናፍጣ ሞተር ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በብዙ የቶዮታ ሃይሉክሶችና ሚኒባሶች ውስጥ የነበረውን 2ኤል ሞተር እንውሰድ። ፒስተኑ የሚጓዘው 92 ሚሊ ሜትር ነው፤ አየሩን 22 እጥፍ ያምቀዋል። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ክፍተት እኩል ቢዘረጋ ከ4 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ከዚያም ብዙው ያለው ጎን ላይ ባለችው ማቃጠያ ጉድጓድ ውስጥ ነው። የተከፈተ ቫልቭ ከዚህ የበለጠ ይወርዳል። ቺንጊያው ሲበጠስ ካሙ ባለበት ይቆማል፣ ክራንኩ ግን በመኪናው ግስጋሴ መዞሩን ይቀጥላል፤ ፒስተኖቹ ተከፍተው የቀሩትን ቫልቮች ይመታሉ። ቫልቭ ይጎብጣል፣ ቴስታታ ይወርዳል፣ ሲብስ ፒስተንም ይሰበራል። የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ «ቲ-ቤልት» የምትል መብራት የተቀመጠችው ለዚህ ነው። ይህች መብራት ኪሎ ሜትር ትቆጥራለች እንጂ ቺንጊያውን አታይም። ቺንጊያው ሳይቀየር መልሶ ማጥፋት ስለሚቻል፣ አሮጌ መኪና ገዝቶ መብራቷ ባለመብራቷ የሚተማመን ሰው ያሳስበኛል።

ኪሎ ሜትሩም ቢሆን እዚህ አገር ሙሉውን አይነግረንም። ብዙ ሞተሮች ላይ የመቀየሪያው ቁጥር 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር እየሄደ ከሆነ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር 3,000 ዙር ይዞራል፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር 300 ሚሊዮን። አሁን ደግሞ መኪናው ሜክሲኮ አደባባይ መንገድ ተዘግቶበት ቆሟል እንበል። ሞተሩ በደቂቃ 800 ዙር ቢሠራ በአንድ ሰዓት 48,000 ጊዜ ይዞራል። ቺንጊያው 16 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ ቆጣሪው ግን ካለበት አልተነቃነቀም። በየቀኑ አንድ ሰዓት ቆሞ የሚያሳልፍ መኪና በዓመት ወደ 6,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ያልተቆጠረ ጉዞ ይጨምራል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሙቀቱ፣ አቧራው፣ የዕድሜው ነገር አለ፤ ጎማ ቆሞም ያረጃልና ብዙ አምራቾች ከኪሎ ሜትሩ ጎን ዓመትም ይጽፋሉ። ያገለገለ መኪና ገዝቶ ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ የተጻፈ ማስረጃ ያላገኘ ሰው፣ ዛሬውኑ ቢቀይር ገንዘቡ አይባክንበትም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እጃችን ላይ ያሉት መኪኖች ረጅም ዘመን ሊያገለግሉን ግድ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ይህን ቺንጊያ አያውቀውም፤ እኛ ግን ገና ብዙ ዓመት አብረነው እንኖራለን።

ወደ አዛውንቱ ልመለስ።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈቱ። የቀኝ የፊት ጎማ ወጣ፤ ሞተሩ ሥር በእንጨት ላይ ክሪክ ገባ። የጄኔሬተሩና የመሪው ቺንጊያዎች ተነሱ። ከዚያ አራቱንም ካንዴላዎች አወጡ። ካንዴላ ለቺንጊያ ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅኋቸው። «እስትንፋሱን ላስወጣለት ነው። ሞተሩ ካልቀለለ እጄ አይሰማም» አሉ። ያኔ ቃሉን እንደ ወግ ነው የወሰድኩት። ኋላ ቁልፉን ሲያስይዙኝ ነው የገባኝ።

የቴስታታውን ክዳን ከፍተው በ19 ቁልፍ ክራንኩን ወደ ቀኝ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ አዞሩ። ፑሊው ላይ ያለችው ጭረት ሽፋኑ ላይ ከተጻፈው ዜሮ ጋር ስትገጥም አንደኛው ፒስተን ቶፕ ላይ ነው። ዜሮ ግን በሁለት ዙር ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ ሲያምቅ፣ ሌላው ጭስ ሲያስወጣ። የቱ እንደሆነ የምትናገረው የካሙ ፑሊ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ ከኋላዋ ባለው የኩሽኔታ ቆብ ላይ ያለውን ምልክት ማሳየት አለባት። ካልታየች ክራንኩ አንድ ሙሉ ዙር ይጨመርለታል። በእኔ መኪና ዜሮው ልክ ነበር። ቀዳዳዋ ግን ምልክቱ ላይ ሳትደርስ ቀርታለች። «እየው» አሉኝ፣ ራሳቸውን ወደ ጎን አድርገው። ለመድረስ አንድ ጥርስ ቀርቷታል።

እንዴት እንደተሳሳተ ያስረዱኝ በጣታቸው እየጠቆሙ ነው፤ ከዚህ ምዕራፍ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ ቢይዝ ይህን ቢይዝ እመርጣለሁ። ቺንጊያው ሁለት ጎን አለው። በአንዱ ጎን ክራንኩ ካሙን ይጎትታል፣ በሌላው ጎን ወጣሪው ፑሊ በስፕሪንግ እየገፋ ልልነቱን ይሰበስባል። ሲገጠም ልልነት ሁሉ በወጣሪው በኩል መቅረት አለበት። ያ ጋራዥ ሁለቱን ምልክቶች አጋጥሞ ነበር፤ ቺንጊያውን ሲያለብስ ግን በሚጎትተው ጎን ትንሽ ልል ተወ። ምልክቶቹ ቆመው ሲታዩ ልክ ናቸው። ሞተሩ ሲነሳ ክራንኩ መጀመሪያ ያን ልል ሰበሰበ፣ ካሙ እስኪጎተት ድረስም አንድ ጥርስ ዘገየ። በዚያን ጊዜ ሽፋኑ ተዘግቷል።

አዛውንቱ የክራንኩን ፑሊ ሲያወጡ ሁለት ብሎኖች አስገብተው በረጅም ብረት ያዙት። ቁልፉን ሻንሲ ላይ አስደግፎ ሞተሪኖ በመምታት ብሎኑን የሚፈታ ሰው አለ፤ ያመለጠ ቁልፍ የሰው እጅ ይሰብራልና ይህን ልማድ እቃወማለሁ። የካሙንና የክራንኩን ኦይል ሲሎች ቀየሩ፤ ዘይት የነካው ጎማ ይበላልና። ወጣሪውን ፑሊ በጣታቸው አዙረው ኩሽኔታው ሲንኮሻኮሽ ሰሙ፤ እሱም ከስፕሪንጉ ጋር ተቀየረ። የውሃ ፓምፑ በታይሚንግ ቺንጊያ የሚዞርበት ሞተር ቢሆን ኖሮ ፓምፑም ይቀየር ነበር፤ በኋላ ለፓምፕ ብቻ ሲባል ይህን ሁሉ መልሶ መፍታት ስለሚመጣ።

ቺንጊያውን የገዛሁት ሶማሌ ተራ ነው። ከአሮጌው ጎን ዘርግተው ጥርሱን ቆጠሩ፣ ስፋቱን ለኩ። ሱቁ ውስጥ በምስማር ተሰቅሎ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ በሳጥኑ መሆኑን ስነግራቸው ደስ አላቸው። ምስማር ላይ የዋለ፣ በኪስ የታጠፈ ወይም የተጠመዘዘ ቺንጊያ የውስጥ ክሩ ይሰበራል፣ ውጩ ግን አዲስ ሆኖ ይታያል። ሲያለብሱትም ከክራንኩ ጀምረው የሚጎትተውን ጎን ወጥረው ወደ ካሙ ወሰዱት፤ በጣት ብቻ። በካቻቢቴ ደግፎ ማስገባት የጎኑን ጨርቅ ይቀድዳል። ክራንኩ ላይ የምትገባው መሪ ሳህን ድስት መሰል ጎኗ ወደ ውጭ መሆኑን ሁለት ጊዜ አዩ፤ ተገልብጣ ስትገባ የቺንጊያውን ጠርዝ ትበላለች።

ከዚያ የወጣሪውን ብሎን ላላ አደረጉት፣ ስፕሪንጉ ራሱ እንዲወጥር። ብዙ ሰው በዚህ ቦታ በብረት ገፍቶ ያጠብቀዋል፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጊያ ያፏጫል፣ ኩሽኔታም ይጨርሳል። የላላውም ጥርስ ይዘላል። ልኩን የሚያውቀው ስፕሪንጉ ነው፤ እንዲያውቅ ግን ሞተሩ መዞር አለበት።

ቁልፉን ሰጡኝ። «ሁለት ዙር፣ ወደ ቀኝ ብቻ፣ ቀስ ብለህ። ወደ ኋላ እንዳትመልስ፤ ልሉ ወደማይገባው ጎን ይሄዳል። የሚያግድህ ነገር ካለ አቁም፣ አትታገለው» አሉኝ። ይህች ሞተር ፒስተንና ቫልቭ እንደማያጋጭ ያውቃሉ፤ ልማዱን ግን ከናፍጣ ሞተር ነው የወሰዱት፤ እዚያ እጅ ላይ የሚሰማው ጠንካራ እገዳ ቫልቭ ፒስተን ነክቷል ማለት ነው፣ በዚያ ጊዜ ማቆም ቴስታታ ያድናል።

አዞርኩ። የቫልቮቹ ስፕሪንጎች ቁልፉን ይዘውት፣ አንዱ ሲለቅ ሌላው ሲይዝ በመዳፌ ይሰማኝ ነበር። ካንዴላ ባይወጣ ኖሮ ይህን ሁሉ የግፊቱ ክብደት ይውጠው ነበር። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ጭረቷ ዜሮ ላይ መጣች፤ የካሙ ቀዳዳ ግን በተቃራኒው ወገን ናት፣ ግማሽ ብቻ ዞራለችና። ለዚህ ነው አንድ ዙር የማይበቃው። ሁለተኛውን ዙር ስጨርስ ዜሮውም ገጠመ፣ ቀዳዳዋም ምልክቱን አሳየች። አዲሱ ቺንጊያ ላይ የታተሙት ነጭ መስመሮች ግን ከፑሊዎቹ ምልክት ርቀው ሄደዋል፤ ደንግጬ ቀና አልኩ። «እነሱን ተዋቸው። ለማልበሻ ብቻ ናቸው፤ የሚመለሱት ብዙ ዙር ዞረው ነው። አንተ ብረቱን ነው የምታምነው» አሉኝ።

የወጣሪውን ብሎን በቶርክ ቁልፍ 37 ኒውተን ሜትር አጠበቁት። ቁልፉን መልሰው ሰጡኝና ሁለት ዙር ድገም አሉኝ። ደገምኩ። ገጠመ።

ሁሉም ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ ዲስትሪቢውተሩን ወደ መካከሉ መለሱት። የምርመራ ሳጥኑን ከፍተው ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኙ፣ ሞተሩን አስነስተው መብራቱን ደቀኑ። 10 ዲግሪ። ከሁለት ወር በፊት ያየሁት ያው ቁጥር ነበር፤ አሁን ግን ብሎኑ መካከል ላይ ቆሟል። በነጭ ቀለም የቺንጊያው ሽፋን ላይ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉም እንጦጦ ድረስ ወጥቼ እንድመለስ ላኩኝ። ሽሮ ሜዳን ያለፍኩት በሦስተኛ ማርሽ ነው።